የዴንቨር ተራሮች በማርችና በኤፕሪል፦ የመንገዱ ችግርና መፍትሄ

ዴንቨር ላይ በአማካይ ብዙ በረዶ የሚጥለው በማርች ወር ነው። በማግስቱ ደግሞ ፀሐዩ ከረር ይላል። መሬቱ ሌሊት በረዶ ሆኖ ይጠነክራል፣ ቀን ይላላል። ከዴንቨርና ከኦሮራ ተነስቶ በእግርም በብስክሌትም ተራራ የሚወጣ ሰው የሚገጥመው ችግር በአብዛኛው ከዚሁ ይመነጫል።

ጫማው በጭቃ ይከብዳል፣ ጎማው አልዞር ይላል

ላይኛው አፈር ጥቂት ሴንቲሜትር ሲቀልጥ ከስሩ ያለው ገና በረዶ ነው። ውሃው መስረጊያ አጥቶ ላይ ይቀራል። አፈሩ ሸክላማ ከሆነ እንደ ዋልካ ይጣበቃል፤ ጎልደን አጠገብ ያለው ኖርዝ ቴብል ማውንቴን በዚህ የታወቀ ነው።

ዋናው መፍትሄ ሰዓት ነው። ጎህ ሲቀድ ይጀምሩ፤ ፀሐይ ከወጣች በሁለት በሦስት ሰዓት ውስጥ መኪናዎ ጋ ይድረሱ። ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ካልወረደ ግን መሬቱ አልጠነከረምና ማልዶ መውጣቱ አይረዳም። ያን ቀን አሸዋማ ቦታ ይምረጡ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው ባፋሎ ክሪክ አፈሩ የተፈረፈረ ግራናይት ስለሆነ ውሃ አይቋጥርም፤ በ1996ቱ እሳት ዛፉ የተቃጠለበት በኩል ደግሞ ጥላ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል።

ጭቃው አጭር ከሆነ በመሃሉ ይለፉ። እባክዎ ዳር ዳሩን አይሂዱ፤ ሳሩ ይሞታል፣ መንገዱም በየሳምንቱ ይሰፋል። ጫማ ታጥቦ ይነጻል፣ የተረገጠ ሳር ግን በቶሎ አይመለስም። ጭቃው ከቀጠለና ዱካዎ ጎድጉዶ ከቀረ ይመለሱ። ያ ጉድጓድ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ በሚቀጥለው ዝናብም የውሃ ቦይ ይሆናል። ጀፈርሰን ካውንቲ አንዳንድ መንገዶችን ለጊዜው የሚዘጋው ለዚህ ነውና ከቤት ሳይወጡ ያጣሩ።

ብስክሌተኛ የታፈነ ጎማ በጉልበት አይርገጥ። ጭቃ የያዘው ካቴና የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ ጎትቶ ስፖኩ ውስጥ ይከተዋል፤ መቀየሪያው የታሰረበት ጆሮም ይሰበራል። ወርደው በእንጨት ይጥረጉ፣ ካልሆነም ተሸክመው ይውጡ።

መንገዱ ደረቅ ሆኖ ሳለ ድንገት ያንሸራትታል

ወደ ሰሜን የሚያይ፣ ጥድ ያጠላበት ተዳፋት ላይ ሰው የረጋገጠው በረዶ ጠጥሮ ይቆያል። ጫማ ላይ የሚጠለቅ የብረት ጥርስ ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ፤ የሚጠልቀውም በረዶው ላይ ከወጡ በኋላ ሳይሆን ከመድረስዎ በፊት ነው። በብስክሌት ከሆነ አስቀድመው ፍጥነት ይቀንሱ። በረዶው ላይ የፊት ፍሬን አይንኩ፣ መሪም አይጠምዝዙ። ቁልቁለት ከሆነ ወርደው ይግፉ።

ጠዋት የተሸከመዎት በረዶ ከቀትር በኋላ እስከ ጉልበት ያሰምጣል

ላይኛው ቅርፊት ስለቀለጠ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እዚህ ጋ ነውና መስመጥ ሲጀምሩ ይመለሱ። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ስር ወይም ላይ የሚያልፉ ከሆነ የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልን የዕለቱን ትንበያ ሳያዩ አይሂዱ፤ የራሰ በረዶ ፀሐይ ሲመታው ይናዳል።

ፍሬኑ ይጮኻል፣ ጎማው ይተነፍሳል

ብስክሌቱን በቀስታ በሚወርድ ውሃ ይጠቡ፤ በግፊት የሚረጭ ውሃ ኩሽኔቱ ውስጥ ገብቶ ግራሱን ያወጣዋል። ጩኸቱ ካልቆመ ዲስኩን በአልኮል ይጥረጉ፣ የፍሬኑን ሸራ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይፈትጉ። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ከሆነ ማሸጊያ ፈሳሹ በክረምት ደርቆ ይሆናል፤ ለ29 ኢንች ጎማ ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። ብርዱም የራሱ ድርሻ አለው፦ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቤት ውስጥ 25 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የተሞላ ጎማ ዜሮ ዲግሪ ላይ ወደ 22 ወይም 23 ይወርዳል። ስለዚህ ውጭ ይለኩ።

መዥገር

በረዶው ከሳሩ እንደለቀቀ ይወጣል። የሱሪዎን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ያስገቡ፤ ሲመለሱ ብብት፣ ከጉልበት ኋላና የራስ ቆዳ ይፈትሹ። ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዘው ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከያዘዎት መዥገር እንደነከስዎት ለሐኪም ይንገሩ።