አሮጌ ፍንጃል ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት

ደሴ ወይም ባቲ ገበያ ላይ አሮጌ ፍንጃል ዓይናችሁ ከገባ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ቂጡን እዩት። «ሜድ ኢን ኦክዩፓይድ ጃፓን» የሚል ካለበት፣ ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሸናፊዎች ተይዛ በነበረችበት ዘመን፣ እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው ማለት ነው። ማህተም ግን ይኮረጃል፤ እሱን ብቻ አትመኑ።

ቀጥሎ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ጠርዙን በጥፍር መታ አድርጉት። ጤነኛ ፖርሴሊን ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ቀጭን ስንጥቅ ገበያ ላይ በዓይን ላይታይ ይችላል። ቤት ገብቶ ቡና ሲቀዳበት ግን ቡናማ መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። ያኔ ሻጩን ከየት ታገኙታላችሁ!

የወርቅ ቀለበት ያለው ከሆነ ወርቁ ከላይ የተቀባ ስለሆነ በአመድ ወይም በሽቦ ከፈተጋችሁት አለቀለት። ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ሳሙና ይበቃዋል። የድሮ ብርሌ ላይ ደግሞ የፈላ ውሃ በድንገት አትገልብጡ፣ ይሰነጠቃል።

ውስጡ በደማቅ ቀለም ያጌጠ አሮጌ ዕቃ ለመደርደሪያ ይሁን። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አቦሉንም በረካውንም በአዲሱ ጠጡ።