የጦርነት ትዝታ እንዴት እምነት እንደሆነ ከደሴ ሽማግሌዎች ለመሰብሰብ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ልጆች፣ ትልልቆቹ ሳያልፉብን ይሄን ስራ እንጀምረው። ስለ ጦርነቶቹ ራሳቸው ብዙ ተፅፏል፣ እኛ የምንጠይቀው ከዛ በኋላ ሰዎቹ ምን ተሳሉ፣ ምን ነውር ሆነ፣ በማን ስም መማል ተጀመረ የሚለውን ነው።

መጀመሪያ ቀኖቹን ያዙ። አድዋ የካቲት 23፣ 1888 ነው፣ 23 ደሞ የጊዮርጊስ ቀን፣ ታቦቱም አብሮ ዘምቷል፣ ለዛ ነው ብዙ ቤት ድሉ የጊዮርጊስ ተብሎ የሚወራው። ሙስሊም ቤት ስትሄዱ ከወሎው ገዥ ከራስ ሚካኤል ጋር የዘመተ ዘመድ ካላቸው ሲወጣ ማን ዱአ እንዳደረገለት ጠይቁ።

ደሴ አጠገብ ያለውን የቦሩ ሜዳን ጉዳይ ግን በጥንቃቄ አንሱት። በ1870 አፄ ዮሐንስ እዛ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ሲደረግ መሀመድ አሊ "ሚካኤል" ተባሉ፣ ያው ራስ ሚካኤል ማለት ናቸው፣ የወሎው የሃይማኖት አባት ሼህ ጦልሃ ደሞ እምቢ ብለው ተነሱ። አንዱ ቤት ቁስል ነው ሌላው ቤት ደሞ ክብር፣ ስለዚህ ለየብቻ ጠይቁ፣ ሁለቱን አንድ ቡና ላይ አስቀምጣችሁ አታከራክሩ።

ህዳር 26፣ 1928 ጃንሆይ ደሴ እያሉ የጣሊያን አውሮፕላን ከተማዋን ደብድቧል። ያንን ያዩት አሁን የሉም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ "እማማ፣ እናትዎ ምን ይሉዎት ነበር? የት ተሸሸጉ? ምን ተሳሉ?" በሏቸው። ቦምቡን መልአኩ መለሰው ወይ የሼሁ ዱአ አከሸፈው ካሉ በፍፁም አታርሙ! እንዳሉት ፃፉት፣ የመጣችሁት ለዚህ ነው፣ ያ ቤተሰብ ዛሬም ስለት የሚያስገባው ወይ ሰደቃ የሚያወጣው በዚች ታሪክ ሊሆን ይችላል።

ስልካችሁን አቦል ሳይጠጣ አታውጡ፣ ለመቅዳት ፍቃድ ጠይቁ። ቄስ ወይ ሼህ ቤት ከሆነ ለሴቶቹም ጊዜ ስጡ፣ እኔ እንደማምነው ስለቱን በደንብ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው።

የ2014ቱን ጦርነት እናንተ አታንሱት። ልጇን ያጣች እናት ጎረቤታችሁ ናት። ራሷ ከጀመረች ቀረፃውን አጥፉና ስሙ፣ "ማን ነው ያደረገው" እያላችሁ አትመርምሯት፣ ሻማ ታበራለት እንደሆነ ወይ ዱአ ታስደርግለት እንደሆነ ካወራች ይበቃል፣ የሚፃፍ ነገር ካለ ሌላ ቀን ራሷን አስፈቅዳችሁ።

ማታውኑ ቀኑንና ሰፈሩን ፋይሉ ላይ ፃፉ፣ አንድ ኮፒ ለቤቱ ልጆች በቴሌግራም ላኩላቸው።