ክፉ ሰው ስትጽፉ ከግማሽ ኪሎ ጀምሩ

የመጀመሪያው አስፈሪ ታሪኬ ላይ ገዳዩን ቀይ ዓይን ሰጠሁት። ቀንድ ብቻ ነበር የቀረው። ለእህቴ ሳነብላት ቡና እየቆላች ሳቀችብኝ።

ከዚያ ወዲህ ከትንሽ በደል ነው የምነሳው። እዚህ ጅማ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ልጅ እግር ሳለሁ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ መዝገብ እይዝ ነበር። ሚዛን ላይ የሚቆመው ሰውዬ ገበሬው ካመጣው ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) በየፈረሱላው ግማሽ ኪሎ ይበላል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ግማሽዋን ማን ያያታል? እኔም የነገረኝን ቁጥር እጽፋለሁ። ማታ ታዲያ ለልጆቹ ከረሜላ ሳይዝ ቤቱ አይገባም። እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ።

ቀጥሎ ሰበቡን ጻፉለት። አንድ ሙሉ ገጽ፣ በራሱ አፍ። «ደመወዜ ለቤት ኪራይ አይበቃም፣ ባለቤቱ ከኔ የባሰ ሌባ ነው...» ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አንዷ መስመር ላይ «እውነቱን እኮ ነው» ካላላችሁ ገና ነው። «ሰይጣን አሳሳተኝ» የምትለዋን ግን ተጠንቀቋት። ሰውዬው ሊላት ይችላል። ታሪኩ ካመነላት እሱ ነጻ ወጣ፣ ፍርሃቱም አለቀ።

ህሊናውን አትግደሉበት። ስታንሊ ሚልግራም የተባለ ተመራማሪ በ1961 (በፈረንጆቹ) ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰዎች ሌላውን ሰው በኤሌክትሪክ እንዲቀጡ አደረገ። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነው፤ እነሱ ግን አያውቁም። ከ40ው 26ቱ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 450 ቮልት ሄዱ። እኔን የያዘኝ ቁጥሩ አይደለም። ብዙዎቹ እያላባቸው፣ እየተንቀጠቀጡ ነው ማብሪያውን የተጫኑት። ላቡን ጻፉ።

ፍርሃቱንም ከዚያችው ግማሽ ኪሎ አውጡት። የኔ ሚዛነኛ ስኳር ይገዛል፤ ቤት ሲመዝነው ግማሽ ኪሎ ይጎድላል። ሥጋውም እንዲሁ። አንድ ቀን አራስ ልጁን ይመዝናል። በሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ቀንሳለች። ሚስቱ ስትመዝናት ግን ምንም አልጎደለባትም። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እሱ ሌሊት ተነስቶ ልጅቷን ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። የተበላሸው ሚዛኑ ነው ወይስ እሱ? አትንገሩት። ከነገራችሁት አንባቢው ለጥ ብሎ ይተኛል።

ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ለእህቴ አነበብኩላት። አልሳቀችም። ሲኒዋን አስቀመጠችና «መዝገቡን ይይዝ የነበረው ልጅስ?» አለችኝ።

እሱን ገና አልጻፍኩትም።