በተኩስ ሥር የሠራን መሐንዲስ ወታደር ታሪክ እንዴት እንጽፋለን?

በቤተሰባችሁ ውስጥ በጦር ሜዳ ድልድይ የዘረጉ ወይም ፈንጂ ያመከኑ አዛውንት ካሉና ታሪካቸውን ልትጽፉ ከተነሣችሁ፣ በቅድሚያ ስለ ሥራቸው ጠይቋቸው። «አባባ፣ አልፈሩም ነበር?» ስትሏቸው «የታዘዝነውን ሠራን» ብለው ሊዘጉት ይችላሉ። «ሳንቃውን በምን አሰራችሁት? ገመዱን ማን ያዘ?» ስትሏቸው ግን ዕለቱ ከነዝርዝሩ ይመጣል። እግረኛ ወታደር ሲተኮስበት መልሶ ይተኩሳል፤ መሐንዲሱ ግን ሁለት እጁ በሥራ ተይዞ ጥይቱን ይችላል፤ ጀግንነቱም የሚታየው እዚያው ሥራው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1918 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኦርስ መንደር አቅራቢያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሆነውን እንመልከት። የእንግሊዝ መሐንዲሶች በሳምብር-ዋዝ ቦይ ላይ በቡሽ ተንሳፋፊዎች የተሠራ ድልድይ ሲዘረጉ መድፍና መትረየስ ወረደባቸው፤ ድልድዩ ተጎዳ፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ወደቁ። ሻለቃ አርኖልድ ዋተርስ መኮንኖቻቸው በሙሉ መሞታቸውን ወይም መቁሰላቸውን ሲሰሙ ራሳቸው ወደ ቦዩ ወርደው ሥራውን ቀጠሉ። ተራው መሐንዲስ አዳም አርቺባልድ ደግሞ መትረየሱ ከጥቂት ሜትሮች ርቀት እያነጣጠረበት ከተንሳፋፊዎቹ ላይ ሳይነሣ ሠራ፤ ድልድዩ እንዳለቀም በመርዝ ጋዝ ተመትቶ ወደቀ። ሁለቱም የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት የሆነውን የቪክቶሪያ መስቀል ሜዳይ ተሸለሙ። በዚህ ታሪክ ውስጥ «ደፋር» የሚል ቃል ሳይጨመር ድፍረቱ የሚታየው ቡሹ፣ ርቀቱና የሥራው ፍጻሜ ስለተመዘገቡ ነው። እናንተም እነዚህን ሦስቱን ሳታገኙ ብዕር አታንሡ፦ በእጃቸው ምን እንደነበረ፣ ጠላት ምን ያህል እንደቀረበ፣ ሥራው እንዴት እንዳለቀ።

ቀኑን እርሳቸው በተናገሩበት አቆጣጠር ጻፉት፤ ማመሳከሪያው በኋላ ይደርሳል። ከላይ የጠቀስነው ዕለት ለምሳሌ በእኛ ጥቅምት 25 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። የሜዳይ ወረቀት ካላቸው ከቃላቸው ጋር አስተያዩት፤ ልዩነት ካለ ሁለቱንም አስፍሩ።

አብረዋቸው ሠርተው ሳይመለሱ የቀሩትን ጓዶች ስም ሳትቸኩሉ ጠይቁ። በኦርስም ቢሆን ድልድዩን የጨረሱት ሁለት ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ስም ሲጠሩ ዝም ካሉ ጠብቋቸው እንጂ ወደ ሌላ ጥያቄ አትለፉ።

በመጨረሻም ወረቀትና እርሳስ ሰጥታችሁ ቦታውን አስሥሏቸው፤ ረቂቁንም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። «ገመዱ በግራ በኩል ነበር» ብለው ካረሟችሁ በግራ በኩል ጻፉት።