የአዲስ መኪናችሁ ፍሬን አንዴ ሲይዝ አንዴ ሲለግም ምን ታደርጋላችሁ?

መኪናው አዲስ ነው። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሳም። ፍሬኑ ግን አመል አለው። ጠዋት ጥሩ ይይዛል፤ ከሰዓት ሜክሲኮ ጋ ሰልፍ ውስጥ ሲረገጥ ጠልቆ ይሄዳል። ጋራዥ ትወስዱታላችሁ። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶት ይመለስና «ይሄማ ምንም አልሆነም» ይላል። ወይም ከዚያ የባሰው ይመጣል፦ «የፍሬን ሸራው ይቀየር።»

መካኒኩ ያላየውን ችግር ሊጠግነው አይችልም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፦ ችግሩ የሚመጣው መቼ ነው? ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

1. መጀመሪያ አደገኛውን ለዩ

ለምርመራ ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች አሉ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ከወረደ፣ የእጅ ፍሬን ተፈትቶ ቀዩ የፍሬን መብራት ካልጠፋ፣ ከጎማው ውስጠኛ ጎን ዘይት ከተንጠባጠበ፣ ፍሬን ስትይዙ መሪው በኃይል ወደ አንድ ጎን ከጎተተ መኪናውን አታንቀሳቅሱት። በክሬን አስነሱት። «ቀስ ብዬ አደርሰዋለሁ» የሚባለውን እርሱት። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ያለው የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ነው፤ እዚያ ላይ ቀስ ለማለትም ፍሬን ያስፈልጋል።

ቢጫው የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት ብቻውን ከበራ ነገሩ ይለያል። ተራው ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ነገር ግን በድንገት ስትረግጡ ጎማው ተቆልፎ ሊንሸራተት ይችላል። ርቀት ጠብቃችሁ ተረጋግታችሁ ወደ ጋራዥ ሂዱ።

2. ቆማችሁ የምታዩት

ከምንጣፉ ጀምሩ። እዚህ አገር መኪና ሲገዛ በፋብሪካው ምንጣፍ ላይ ሌላ ወፍራም የቆዳ ምንጣፍ መደረብ የተለመደ ነው። ተንሸራቶ ፔዳሉ ስር ከገባ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ አይረገጥም። ከወንበር ስር ተንከባሎ የሚመጣ ሃይላንድም እንደዚያው። ያስቃል፤ ግን መጀመሪያ ይህን አጥሩ።

ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱን እዩ። በማጠራቀሚያው ላይ ባሉት ሁለት መስመሮች መካከል መሆን አለበት። አዲስ መኪና ላይ ከቀነሰ የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው፤ ሞልታችሁ ብቻ አትለፉት። ክዳኑንም በየጊዜው አትክፈቱ። የፍሬን ዘይት እንደ ክረምት ጨው እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ዝቅተኛ መፍያ ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ዜሮ ኪሎሜትር ማለት ትናንት የተሠራ ማለት አይደለም። መኪናው መርከብ ላይ፣ ወደብ ላይ፣ ከዚያም ሻጩ ግቢ ውስጥ ብዙ ወራት ቆሞ ሊሆን ይችላል። የተሠራበትን ቀን በበሩ ፍሬም ወይም በሰነዱ ላይ ፈልጉ። ብዙ አምራቾች የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር ያዛሉ። ዘይቱ የሚቆጥረው እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም።

የነዳጅ መኪና ከሆነ ፔዳሉን እንዲህ ፈትሹት። ሞተሩን አጥፉ። ፔዳሉን ደጋግማችሁ እስኪደነድን ርገጡት። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው (እግራችሁን የሚያግዘው መሣሪያ) ይሠራል። ካልወረደ ሰርቮውን ወይም ወደ እሱ የሚሄደውን ቱቦ ጠርጥሩ። ከዚያ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አጥብቃችሁ ያዙት። በዚያው ቀስ እያለ መስመጡን ከቀጠለ ማስተር ሲሊንደሩ (ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ክፍል) ውስጥ ለውስጥ ዘይት ያሳልፋል፤ መንዳት አቁሙ። የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ሰርቯቸው በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ይህ ሙከራ እነሱን አይገልጽም።

3. መቼ እንደሚመጣ ያዙ

እየነዳችሁ አትጻፉ። ስትቆሙ ስልካችሁ ላይ በድምፅ ቅዱት። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ መንገዱ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ፣ አስፋልት ነበር ወይስ ኮብልስቶን፣ መኪናው ኤሌክትሪክ ከሆነ ባትሪው ስንት ፐርሰንት ላይ እንደነበር ተናገሩ። እግራችሁ የተሰማውንም በአንድ ቃል ያዙ፦ ጠለቀ፣ ደነደነ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ዘገየ። «ልክ አይደለም» ማለት ለመካኒክ ምንም አይነግረውም።

ከዚያ ሁኔታውን አንብቡት።

*ጠዋት ላይ ብቻ፣ በተለይ በክረምት።* ዝናብ ያደረበት ዲስክ (ሸራው ይዞ የሚያቆመው ክብ ብረት) በአንድ ሌሊት ስስ ዝገት ያወጣል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርግጫዎች ይንኮሻኮሻሉ፤ አንዳንዴም ድንገት ይይዛሉ። ከዚያ ይጠፋል። በሽታ አይደለም። ከላቫጆ ስትወጡም ተመሳሳይ ነገር ይኖራል። ግን የላቫጆ ልጆች ጎማ ለማብለጥ የሚቀቡት ቅባት ዲስኩን እንዳይነካ ንገሯቸው። ዲስክ ላይ ካረፈ ፍሬን አይይዝም።

*ባትሪ ሙሉ ሲሆን።* ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ በመከልከሉ ዛሬ ከተማው ውስጥ የሚታየው አዲስ መኪና በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው (ስሙ አልተቀየረም) ስታነሱ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ይህ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን ኃይሉ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ መያዙ ይቀንሳል። ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው ሌሊቱን 100 ፐርሰንት ሞልቶ ጠዋት ወደ ስድስት ኪሎ ቢወርድ መኪናው እንደ ትናንት ማታው አይቆምለትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የቻርጅ ጣሪያውን 80 ወይም 90 ፐርሰንት ላይ አድርጉት። ችግሩ ከጠፋ ምክንያቱን አገኛችሁት።

*ጉድጓድ ወይም ኮብልስቶን ላይ።* ቀስ ብላችሁ እየያዛችሁ ጎማው ሲዘል መኪናው ለቅጽበት ወደ ፊት የለቀቀ ይመስላችኋል። ጎማው መሬት ሲለቅ ኤቢኤስ ጣልቃ ይገባል፤ በኤሌክትሪክና በሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም በሚሠራ) መኪና ደግሞ የመያዙ ሥራ ከሞተሩ ወደ ዘይት ፍሬኑ ይተላለፋል። በዚህች ቅብብሎሽ መሃል ክፍተት ይሰማል። ቀልድ አይደለም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ላይ ከ400 ሺህ በላይ ፕሪየስና ሌሎች ሃይብሪድ መኪኖችን ለጥገና መልሶ የጠራው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ የተስተካከለውም የኤቢኤሱ ሶፍትዌር ነው። ሸራ ቢቀየር ኖሮ ምንም አይፈይድም ነበር። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ እግራችሁን አታንሱ፤ አጥብቃችሁ ርገጡ። በጠንካራ እርግጫ ጊዜ ፔዳሉ ከተርገፈገፈ ግን ኤቢኤስ ሥራውን እየሠራ ነው።

*መጀመሪያ ጠልቆ፣ ወዲያው ሲደገም ከፍ ብሎ ሲይዝ።* መስመሩ ውስጥ አየር እንዳለ ጠርጥሩ። ይህን አታሳድሩት።

*ከረጅም ቁልቁለት በኋላ።* ከእንጦጦ እየያዛችሁ ወርዳችሁ ታች ላይ ፔዳሉ ከለሰለሰ ሙቀት ነው፤ ምናልባትም ያረጀ ዘይት። በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ ሪጄኑን (ሞተሩ ባትሪ እየሞላ መኪናውን የሚይዝበትን) ከፍ አድርጉ። ስትደርሱ እጃችሁን ሳትነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ካቃጠለ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) አልለቅ ብሏል።

*ፔዳሉ ሲደነድን።* የነዳጅ መኪና ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከድሬዳዋ የተመለሰ ሹፌር ፔዳሉ ጠጠር ቢልበት አይገርምም። ሰልፍ ውስጥ ቶሎ ቶሎ መርገጥም የሰርቮውን ጉልበት ይጨርሰዋል። አንዴ ረግጦ መያዝ ይሻላል። ይህ ግን ሁልጊዜ ያለ ነገር ነው። በድንገት ከመጣ ቱቦው ይታይ።

*ፍጥነት ላይ ሲንቀጠቀጥ።* በቅርቡ ጎሚስታ ጋ ሄዳችኋል? ብሎኖቹ እኩል ካልጠበቁ ዲስኩ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። መጀመሪያ በመለኪያ ቁልፍ በልኩ ይጥበቁ።

4. ደግማችሁ አምጡት

አንድ ምክንያት ከጠረጠራችሁ ያንኑ ብቻ ቀይራችሁ ሞክሩ። እሁድ ማለዳ፣ ሰው የሌለበት ሰፊና ሜዳ ቦታ፣ በሰዓት 20 እና 30 ኪሎሜትር ይበቃል። ከኋላ የሚከተል ታክሲ ካለ አትሞክሩ፤ እሱ የሚቆመው በራሱ ፍሬን ነው።

5. ጋራዥ ስትሄዱ

እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ ሸራ ቀይርልኝ አላልኩም። ባትሪው ከ90 በታች ሆኖ፣ መንገዱ ደረቅ ሆኖ፣ ኮብልስቶን ላይ በቀስታ ስይዝ ይለቃል። አብረን እንውጣና አሳይሃለሁ።» አብሯችሁ ይውጣ። መጀመሪያ እናንተ ንዱ፤ ከዚያ እሱ።

በኮምፒውተር የተነበበው የብልሽት ኮድ በጽሑፍ ይሰጣችሁ፤ መብራት ባይበራም የተቀመጠ ኮድ ሊኖር ይችላል። ለመኪናው የወጣ አዲስ ሶፍትዌር ካለም ጠይቁ። አየር ይውጣ ከተባለ ጋራዡ መኪናችሁን የሚያነብ ማሽን እንዳለው አረጋግጡ፤ በብዙ መኪኖች ኤቢኤስ ውስጥ የቀረ አየር ያለ ማሽን አይወጣም። ከግል አስመጪ የተገዛ የቻይና መኪና ላይ ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ስለዚህ «ማሽን አላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ይህን ሞዴል ያነባል?» በሉ።

ዋስትና ካላችሁ ቅሬታው በቀንና በኪሎሜትር ተመዝግቦ ቅጂው በእጃችሁ ይግባ። «ምንም አልተገኘም» ቢሉም ይጻፉት። ችግሩ ዋስትናው ካለቀ በኋላ ቢብስ ቀድሞም እንደነበረ የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።

ተሠራ ሲሏችሁ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ያንኑ መንገድ በዚያው ሁኔታ ንዱት። ዝናብ ሲሆን ብቻ የሚመጣ ከነበረ ግን ፀሐይ ላይ ሞክራችሁ «ተስተካክሏል» ብላችሁ አትፈርሙ፤ ዝናብ እስኪመጣ የሙከራ ጊዜ ይሰጣችሁና እሱም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።