በሠርግ ወቅት ቅዳሜና እሑድን ለጭፈራም ለቤተሰብም ማብቃት

እህቶቼ፣ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ የሠርግ ጥሪ በየሳምንቱ መጨረሻ ስለሚደራረብ፣ በየትኛው ድግስ እስከ መጨረሻው እንደምትቆዩና በየትኛው ደስታችሁን ገልጻችሁ ብቻ እንደምትመለሱ አስቀድማችሁ ብትወስኑ መልካም ነው። ሁለት ሠርግ በአንድ ቀን ከዋለና የመልስ ጥሪም ካላችሁ፣ አንዱን በመልሱ መካስ ይቻላል፤ እንዲያውም በመልስ ላይ ሰው ስለሚቀንስ ከሙሽራይቱ ጋር ለመጫወት የተሻለ ጊዜ ይገኛል።

ባለ ተረከዝ ጫማ ለአዳራሽ መግቢያና ለፎቶግራፍ ይበቃል። እስክስታ ይበልጡን ትከሻንና አንገትን ስለሚያሠራ እንደ ምንም ይቻል ይሆናል፤ የጉራጌኛ ጭፈራ ግን ፈጣን የእግር እንቅስቃሴ ስለሚጠይቅ፣ ከባለ ተረከዙ ጫማ ስትወርዱ የሐበሻ ቀሚሳችሁ መሬት የማይጠርግ መሆኑን አረጋግጣችሁ በቦርሳችሁ ጠፍጣፋ ጫማ መያዝ ይኖርባችኋል። ጫማ አውልቆ መጨፈር፣ በእኔ አስተያየት፣ ብርጭቆ በሚሰበርበት አዳራሽ ውስጥ ፈጽሞ አይመከርም። ወደ ቤት የምትመለሱበትንም መኪና ከማን ጋር እንደምትጋሩ ከመውጣታችሁ በፊት ተስማሙ።

የቤተሰቡን ጊዜ በተመለከተ፣ ቅር የሚያሰኘው ብዙውን ጊዜ መውጣታችሁ ሳይሆን መቼ እንደምትመለሱ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ ዓርብ ማታ ለእናታችሁ የሁለቱንም ቀናት ፕሮግራም ነግራችሁ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሚፈላው ቡና ላይ ለአቦሉ ባትደርሱ እንኳ ለቶናው እንደምትገኙ ቃል ግቡ፤ ስልካችሁንም በዚያ ሰዓት ከእጃችሁ አርቁት።