ዴቢያን 13 ላይ ሲ ለምትጽፉ ልጆች

ዴቢያን 13ን፣ ያ ትሪክሲ የሚሉትን በኦገስት 2025 የወጣውን የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የጫናችሁ ወይ ልትጭኑ ያሰባችሁ ካላችሁ በተለይ ሲ (C) የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየተማራችሁ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ። ፓይተኑ 3.13 ነው፣ የሲ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዳችሁን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው፣ ደግሞ ጂሲሲ (GCC) 14፣ ቢልድ ኤሴንሻል (build-essential) የሚለውን ፓኬጅ በአፕት (apt) ስትጭኑ ይገባላችኋል፣ እና ይሄ ጂሲሲ እንደ ድሮው በዋዛ አያሳልፍም። ድሮ ሜሞሪ የሚጠይቀውን ማሎክ (malloc) የሚባል ፋንክሽን ጠርታችሁ እሱ የተገለጸበትን ፋይል፣ ኤስቲዲሊብ ሄደርን (stdlib.h)፣ ኢንክሉድ ማድረግ ብትረሱ ዋርኒንግ ሰጥቶ ኮምፓይል ያደርግላችሁ ነበር፣ አሁን ግን ኤረር ብሎ ቀጥ ነው የሚለው። ስለዚህ ከሲኒየር የወረሳችሁት አሮጌ ፕሮጀክት እምቢ ሲላችሁ ኮምፓይለሩ ተበላሸ ብላችሁ እንደገና ለመጫን አትሩጡ፣ የመጀመሪያውን ኤረር ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ የፋንክሽኑን ስም ይነግራችኋል፣ ለታወቁት ፋንክሽኖችማ የትኛው ሄደር እንደጎደለ ራሱ ይጽፍላችኋል፣ እሷን ከላይ ጨምራችሁ ማስኬድ ነው። ኤረሩን በፍላግ፣ ለኮምፓይለሩ በሚሰጥ ተጨማሪ ትእዛዝ፣ አፍኖ ማለፍም ይቻላል ግን እባካችሁ አታድርጉት፣ ራሳችሁ የጻፋችሁት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) የሚመልስ ፋንክሽን ከሆነ 64 ቢት ማሽን ላይ አድራሻው ግማሹ ተቆርጦ ይቀርና ፕሮግራሙ እየሠራ እያለ ክራሽ ያደርጋል፣ ያንን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ሌሊት ሙሉ ያስለፋል።

ሌላው ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበት ቲኤምፒ (/tmp) ፎልደር ነው፣ አሁን ዲስክ ላይ ሳይሆን ራም ላይ ነው ያለው፣ እስከ ራማችሁ ግማሽ ድረስ ሊይዝ ይችላል፣ 4 ጂቢ ራም ያላችሁ ትልልቅ ፕሮጀክት እዛ ውስጥ ቢልድ አታድርጉ፣ ሆም ውስጥ አድርጉት።